ጓንት ያላጠለቁ እጆች



የማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 መጨረሻ ላይ አንድ ለምጻም በጌታ ፊት ተንበርክኮ ሲለምን እናያለን። እስቲ አንድ ነገር አስተውሉ። ጌታ ይህን ሰው በቃሉ ብቻ ሊያነጻው ይችል ነበር፤ የመቶ አለቃውን ብላቴና ከሩቅ ሆኖ ፈውሶት የለ? ይህን ሰው ግን ነካው። ገና ሳይነጻ ነካው! ያ ምስኪን ስንት ዘመን የሰው እጅ ሳያርፍበት እንደኖረ ጌታ ያውቅ ነበራ።

እንደዚያ ስለነኩ አንዲት ነርስ ልንገራችሁ። ማሪያን ሽቶገር ይባላሉ፤ ኦስትሪያዊት ናቸው። ኢንስብሩክ ከተማ ነርስነት ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ገና 30 ዓመት ሳይሞላቸው፣ በደቡብ ኮሪያ ጠረፍ ወዳለችው ወደ ሶሮክዶ ደሴት ሄዱ። ኋላም አብረዋቸው የተማሩት ማርጋሪታ ፒሳሬክ እዚያው መጥተው ተቀላቀሏቸው። ሁለቱም ካቶሊክ ነበሩ። “ታዲያ የእኛ አይደሉማ” የሚል ካለ፣ የደጉን ሳምራዊ ታሪክ አንዴ ደግሞ ያንብበው።

ሶሮክዶ እንዲሁ ደሴት አይደለችም። ጃፓኖች ኮሪያን ይገዙ በነበረበት ጊዜ፣ በ1916፣ የሥጋ ደዌ ታማሚዎችን ከሕዝብ ለይተው ለማኖር ሆስፒታል የከፈቱባት ናት። ብዙዎች ተገደው ነው የገቡት። ልጆች ከወላጆቻቸው ይለያሉ። በወር አንድ ጊዜ ወላጆች በመንገዱ በአንድ ወገን፣ ልጆች በሌላው ወገን ተሰልፈው ይተያያሉ። ነፋሱ ከታማሚዎቹ ወደ ልጆቹ እንዳይነፍስ ተብሎ አቋቋማቸው እንኳ ይመረጣል። እናት ሆይ፣ ልጅሽን ከመንገድ ማዶ እያየሽ ማቀፍ አትችዪም! መተያየት ብቻ፤ ከዚያ ወደየመጡበት።

ሥጋ ደዌ ነርቭን ይጎዳል። ሰውየው እሳት ቢያቃጥለው፣ ሚስማር ቢወጋው አይሰማውም፤ ስለዚህ ቁስሉ ይመረቅዛል። የማሪያን ሥራ ያንን ቁስል ማጠብና ማሰር ነበር፤ ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያም። በባዶ እጃቸው ያክሙ ነበር። ከታማሚዎቹ ጋር ቁጭ ብለው ይበሉ ነበር። (ነርሶቻችን ግን ይህን ሰምታችሁ ጓንታችሁን እንዳትጥሉ!) በሽታው ሰው እንደሚፈራው በቀላሉ አይተላለፍም። ዛሬማ በ6 ወር ወይም በ1 ዓመት መድኃኒት ይድናል።

ይህን እናውቃለን አይደል? እንግዲያውስ ልጠይቃችሁ። አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ፣ በአለርት ሆስፒታል ታክመው የዳኑ ወገኖች አሉን። እሁድ በአምልኮ ሰዓት “ከአጠገባችሁ ያለውን ሰላም በሉ” ሲባል፣ ጣት የሌለውን እጅ የሚጨብጥ ማን ነው? ጨብጦስ በልብሱ ጠርዝ እጁን የማይጠርግ? መዝሙሩን እጃችንን አንሥተን እንዘምራለን፤ ያው እጅ ግን ለወንድማችን ሲዘረጋ ይከብደዋል።

ማሪያን 43 ዓመት እዚያ ኖሩ፤ ያለ ደመወዝ። ታማሚዎቹ “አያታችን” ይሏቸው ነበር። በ2005 ኖቬምበር ሁለቱ ነርሶች ያለ ሽኝት፣ ያለ ንግግር ከደሴቲቱ ወጡ። የተዉት ደብዳቤ ብቻ ነው። አርጅተናል፣ እንደ ቀድሞው መሥራት አልቻልንም፣ ሸክም ልንሆንባችሁ አንፈልግም የሚል ነበር ሐሳቡ። እኛ ሰው ለ2 ዓመት አገልግሎት የምስክር ወረቀት ሲዘገይበት የሚቀየም ሕዝብ ነን፤ እኔ ታዝቤያለሁ።

በ2016 ሆስፒታሉ 100 ዓመት ሲሞላው ማሪያን ደሴቲቱን ዳግመኛ አዩ። ማርጋሪታ በ2023 በአገራቸው አረፉ።

ያ ደብዳቤ ሌላም ነገር ነበረበት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቁስላቸውን ያጠቡላቸውን ሰዎች፣ በጉድለታችን አሳዝነናችሁ ከሆነ ይቅር በሉን ብለው ለምነዋል።

ጌታ ይባርካችሁ።