21 ሴንቲ ሜትር፦ ለፊዚክስና ለኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር



በዚህ አዳራሽ ከተቀመጡት ወላጆች መካከል ጎረቤት «ልጅሽ ፊዚክስ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» ብሎ ጠይቋቸው መልስ ያጠራቸው ሳይኖሩ አይቀሩም። ሕክምና የተማረ ሐኪም፣ ሕግ የተማረ ጠበቃ ይሆናል። ፊዚክስ የተማረውን ምን እንደሚሉት ግን ሰፈሩ ገና አልተስማማም። ለጎረቤትየው ሊነገረው የሚችል አንድ ታሪክ አለ። የሚጀምረው ከፍጥረት ሁሉ ቀላል ከሆነው አቶም፣ ከሃይድሮጅን ነው። (የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊዜው 1944፣ አገሩም በናዚ ጀርመን ጦር የተያዘችው ሆላንድ ነው። ያን ኦርት የተባለው የላይደን የሥነ ፈለክ ሊቅ ከአሜሪካ የመጣ አንድ ጥናት እጁ ገብቶ ነበር። ጥናቱን የጻፈው ግሮት ሬበር የሬዲዮ መሐንዲስ ነው። ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ በእናቱ ቤት ግቢ፣ በገዛ ገንዘቡ፣ ወደ 9 ሜትር ተኩል የሚሰፋ ሳህን አንቴና በ1937 ሠርቶ ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ይመዘግብ ነበር። ኦርት ጥናቱን እንዳነበበ አንድ ነገር ታየው። ድግግሞሹ አስቀድሞ የታወቀ ሞገድ ከሰማይ ቢገኝ፣ ከዚያ ቁጥር ምን ያህል ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ በመለካት ብቻ ጋዙ ወደ እኛ እየመጣ ወይም እየራቀ መሆኑን ማወቅ ይቻላል። ብርሃንን የሚጋርደው የፍኖተ ሐሊብ አቧራም ሬዲዮን አያግድም። ኦርት ጥያቄውን ለሄንድሪክ ቫን ደ ሁልስት ሰጠው። ቫን ደ ሁልስት ያኔ የ25 ዓመት ተማሪ ነበር። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ወር ላይደን ላይ በተደረገ ስብሰባ መልሱን ይዞ ቀረበ፦ የሃይድሮጅን አቶም፣ 21 ሴንቲ ሜትር የሞገድ ርዝመት።

ነገሩ የኳንተም ፊዚክስ ነው። በሃይድሮጅን አቶም ውስጥ ያሉት ፕሮቶንና ኤሌክትሮን እያንዳንዳቸው ስፒን የሚባል ባሕርይ አላቸው። ሁለቱ ስፒኖች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሆኑ የአቶሙ ጉልበት ተቃራኒ ከሚሆኑበት ጊዜ በጥቂቱ ይበልጣል። ኤሌክትሮኑ ሲገለበጥ ያቺ ትንሽ ልዩነት በ1,420 ሜጋኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ሆና ትወጣለች። ችግሩ መገልበጡ እጅግ ብርቅ መሆኑ ነው። ማንም ያልነካው አንድ አቶም ይህን እስኪያደርግ በአማካይ ወደ 11 ሚሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ቫን ደ ሁልስት ራሱም ሞገዱ መያዙን እርግጠኛ አልነበረም። የሰማዩ ሃይድሮጅን ግን ብዛቱ ይህን ሁሉ መዘግየት ያካክሳል።

ሞገዱን ሊፈልግ የተነሳው ሃሮልድ ኢወን በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ነበር፤ አማካሪው ኤድዋርድ ፐርስል። ያገኙት ድጋፍ 500 ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ ከኮምፔርሳቶ ተሠርቶ በመዳብ የተለበጠ፣ አፉ ሰፊ የሆነ አንቴና ተበጀና ከላይማን ላቦራቶሪ መስኮት ውጭ ወደ ሰማይ ተደገነ። ዝናብ በጣለ ቁጥር አንቴናው ውሃውን እየሰበሰበ ወደ ክፍሉ ያወርደዋል። በረዶ ሲጥል ደግሞ በሥሩ የሚያልፉ ተማሪዎች የበረዶ ኳስ እየጠቀለሉ አፉ ውስጥ መወርወርን ጨዋታ አደረጉት። የኢወን መደበኛ ሥራ በዩኒቨርሲቲው ሳይክሎትሮን ስለነበር የሰማዩን ሥራ የሚሠራው በማታና በሳምንት መጨረሻ ነበር። ሞገዱ ይገኛል ብሎም ብዙ አልጠበቀም፤ «ተፈልጎ አልተገኘም» የሚል የመመረቂያ ጽሑፍም ተቀባይነት አለው። (ይህን የሚሰሙ የዛሬ ተመራቂዎች ወደ አማካሪዎቻቸው ዞር ብለው ቢመለከቱ አይፈረድባቸውም።) ማርች 25 ቀን 1951፣ በምዕራባውያኑ የፋሲካ እሁድ፣ የመዝጋቢው ብዕር የሚጠበቀውን ጉብታ ሣለ።

ከዚያ የሆነው ከግኝቱ ባላነሰ ሊነገር ይገባዋል። ቫን ደ ሁልስት በዚያ ሰሞን በእንግድነት ሐርቫርድ ነበር። በአገሩ ይኸንኑ ሞገድ ሲፈልግ የቆየው ቡድን መቀበያው በእሳት ወድሞበት ወደ ኋላ ቀርቷል። ኢወንና ፐርስል መሣሪያቸው ሁለት ድግግሞሾችን እያፈራረቀ እንዴት እንደሚያነጻጽር ለሆላንዶቹ ነገሯቸው። በሜይ ወር ሆላንዶቹም አገኙት። ፐርስል ውጤቱን ለብቻው ለማሳተም አልተጣደፈም። የሐርቫርድና የሆላንድ ጽሑፎች፣ ከአውስትራሊያ ከመጣ ማረጋገጫ ጋር፣ በሴፕቴምበር 1951 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ጎን ለጎን ወጡ። ቀዳሚነት እንደ ርስት በሚካሰስበት የሳይንስ ዓለም እንዲህ ያለው ነገር አዘውትሮ አይታይም።

በዚያ ሞገድ የፍኖተ ሐሊብ ጠምዛዛ ክንዶች ካርታ ተነሣ። በ1978 አልበርት ቦስማ በሆላንዱ የቬስተርቦርክ ቴሌስኮፕ የሌሎች ጋላክሲዎችን ሃይድሮጅን ሲለካ፣ ከዳር ያለው ጋዝ ከሚጠበቀው በላይ ፈጥኖ እንደሚዞር አሳየ። ቬራ ሩቢንና ኬንት ፎርድ በብርሃን ካዩት ጋር ተደምሮ፣ ዛሬም ምንነቱ ያልታወቀው ጽልመታዊ ቁስ መኖሩን የሚያመለክት ጠንካራ ማስረጃ ሆነ።

ያው የአቶም መገልበጥ ሌላም ሥራ አገኘ። ኖርማን ራምዚ፣ ዳንኤል ክሌፕነርና ማርክ ጎልደንበርግ በ1960 ሐርቫርድ ውስጥ በ1,420 ሜጋኸርዝ የሚሠራውን የሃይድሮጅን ሜዘር አስጀመሩ። ይህ እጅግ ትክክለኛ የሆነ ሰዓት ነው። በኤፕሪል 2017 በስድስት ሥፍራዎች የቆሙ ስምንት ቴሌስኮፖች አንድ ላይ ሰማዩን ሲመለከቱ (ኤም 87 ወደተባለው ጋላክሲ እምብርት የተነጣጠሩት ከደቡብ ዋልታው በቀር ያሉት ናቸው)፣ እያንዳንዱ ሥፍራ የራሱ የሃይድሮጅን ሜዘር ነበረው። ሞገዶቹ በኋላ የሚገጣጠሙት በዚያ ሰዓት ልክ ስለሆነ፣ ያለ እሱ ምስል አይኖርም። መረጃው ለኢንተርኔት ስለከበደ በዲስክ ተጭኖ በአውሮፕላን ተላከ። የደቡብ ዋልታው ዲስክ ክረምቱ አልፎ አውሮፕላን ማረፍ እስኪችል ወራት ጠበቀ። ኤፕሪል 10 ቀን 2019 የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስል ይፋ ሆነ። የኤም 87 ጥቁር ጉድጓድ ርቀቱ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት፣ ክብደቱ የፀሐይ 6.5 ቢሊዮን እጥፍ ነው።

ከእነዚያ ቴሌስኮፖች አንዱ ቺሊ ውስጥ 5,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አልማ ነው። በመቀበያዎቹ ውስጥ ያለው ቁልፍ አካል ሁለት ሱፐርኮንዳክተሮችና በመካከላቸው ያለ ስስ መከላከያ ነው። በዕለት ተዕለት ፊዚክስ ኤሌክትሮን ያን ግድብ አያልፍም፤ በኳንተም ሕግ ግን ሾልኮ ያልፋል። መሣሪያው እንዲሠራ ከዜሮ በታች ወደ 269 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀዘቅዛል። የ2025 የፊዚክስ ኖቤል ተሸላሚዎች ጆን ክላርክ፣ ሚሼል ደቮሬና ጆን ማርቲኒስ፣ በ1984ና በ1985 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሠሩት ሥራ የዚሁ ዓይነት አወቃቀር ባለው ዑደት ላይ ነበር። በእጅ ሊያዝ የሚችል የኤሌክትሪክ ዑደት እንዳለ የኳንተምን ሕግ እንደሚከተል አሳዩ። ዛሬ ብዙ የሚወራለት የኳንተም ኮምፒውተር አንዱ ዘርፍ ከዚያ የተነሣ ነው።

ታሪኩ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከሰማይ ወደ ኳንተም ቤተ ሙከራም ይሄዳል። ጆን ክላውዘር የተባለ ወጣት ተመራማሪ በ1969 በርክሌይ የገባው የፊዚክስ ሊቁ ቻርልስ ታውንስ ዘንድ በሬዲዮ አስትሮኖሚ እንዲሠራ ነው። የልቡ ሐሳብ ግን ሌላ ነበር፦ የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቤል በ1964 ያቀረበውን፣ ተራርቀው ያሉ ሁለት ቅንጣቶች ስላላቸው ቁርኝት የሚናገር ቀመር በቤተ ሙከራ መፈተን። በጊዜው ይህ ለፈላስፋ የሚተው ጥያቄ ተደርጎ ይታይ ስለነበር፣ ወጣት ተመራማሪ ቢይዘው ሥራ አያስገኝለትም። ታውንስ ከሥራ ሰዓቱ ከፊሉን ለዚያ እንዲያውል ፈቀደለት። ክላውዘር በዚያው የዶክትሬት ተማሪ ከነበረው ስቱዋርት ፍሪድማን ጋር በ1972 ውጤቱን አሳተመ፤ የኳንተም ሕግ አሸነፈ። ለክላውዘር የፊዚክስ ኖቤል ከአሌን አስፔና ከአንቶን ዛይሊንገር ጋር የተሰጠው በ2022 ሲሆን፣ ፍሪድማን ከአሥር ዓመት በፊት አርፎ ነበር። የኖቤል ሽልማት ለሞተ ሰው አይሰጥም።

የክላውዘር ጥያቄ እንደገና ሰማይ ድረስ ሄዷል። በ2018 የዛይሊንገር ቡድን በካናሪ ደሴቶች ባሉ ሁለት ቴሌስኮፖች ኳዛር ከሚባሉ እጅግ ሩቅ የሰማይ አካላት የመጣ ብርሃን ተቀብሎ፣ ሙከራው በየቅጽበቱ ምን እንደሚለካ የሚወስነው ያ ብርሃን እንዲሆን አደረገ። አንደኛው ብርሃን ጉዞ ከጀመረ 7.8 ቢሊዮን፣ ሌላኛው 12.2 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል። የቅንጣቶቹን ቁርኝት በድብቅ ያሴረ ምክንያት ካለ፣ ቢያንስ ከ7.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት መዶለት ነበረበት ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሙከራ የየትኛው የትምህርት ክፍል ነው ቢባል ሬጅስትራርም የሚመልሰው አይመስልም።

አህጉራችንም በዚህ መስክ ተመልካች ብቻ አይደለችም። በደቡብ አፍሪካ ካሩ በረሃ 64 ሳህኖች ያሉት ሚርካት የተባለ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ከ2018 ጀምሮ እየሠራ ነው፤ እነዚህም 197 ሳህኖች ከሚኖሩት ኤስ.ኬ.ኤ. ከተባለው ግዙፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ጋር ይቀላቀላሉ። ጋና በኩንቱንሴ የነበረ የቀድሞ የቴሌኮሙኒኬሽን ሳህን ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለውጣለች። የእኛው የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ2015 ሲመረቅ ሁለት ቴሌስኮፖች ይዞ ነው፤ ሁለቱም የሚያዩት ብርሃን ነው። የሬዲዮው ሥራ ገና ባለቤት ይፈልጋል።

አሁን በእጅ ያለው ክርክርም ስለዚያው የሃይድሮጅን ሞገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ሲበሩ ከነበረው ጋዝ የተነሣ ሞገድ፣ ሕዋው ሲለጠጥ አብሮ ተለጥጦ ዛሬ የሚደርሰን በሜትሮች ርዝመት ነው። በ2018 ኤጅስ የተባለ ቡድን፣ በምዕራብ አውስትራሊያ በተከለው የጠረጴዛ መጠን ባለው አንቴና፣ በ78 ሜጋኸርዝ አካባቢ የዚያን ጋዝ አሻራ አገኘሁ አለ። ጥልቀቱ ከተጠበቀው በእጥፍ በልጦ ተገኘ። በ2022 ደግሞ የሕንዱ ሳራስ ቡድን፣ ከአንቴናው ሥር ያለው ነገር አንድ ወጥ እንዲሆን መሣሪያውን ሐይቅ ላይ አንሳፍፎ ለካና እንዲህ ያለ አሻራ የለም አለ። ድግግሞሹ ከኤፍ ኤም ጣቢያዎች ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚፈለገው ምልክት ሰማዩ ከሚያሰማው ጩኸት ከሺህ አንድ እጅ አይሞላም። ስለዚህ ጠቡ ስለ ከዋክብት የሆነውን ያህል ስለ መሣሪያ ማስተካከልም ነው፦ አንቴናው ምን ይጨምራል፣ ኬብሉ ምን ያንጸባርቃል፣ ማጉያው ሲሞቅ ምን ያዛባል። እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ዲግሪ የሚቀበሉት ወጣቶች በቤተ ሙከራቸው በትንሹም ቢሆን ተጋፍጠዋቸዋል፤ ክርክሩም እስካሁን ፍርድ አላገኘም።