የጀልባ ሞተር ሲግል አስቀድማችሁ ውሃውን እዩ
(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን የቆመው ለቀብርና ለሐዘን ነው። ሆኖም ሞትን አስቀድሞ መከላከል ድንኳን ከመትከል ይሻላልና፣ ጣና ላይ ጀልባ ለምትነዱና ለምትሳፈሩ ጥቂት ልናገር።

ከጀልባ ኋላ የሚታሰረው ሞተር እንደ መኪና ራዲያተር የለውም። የሚያቀዘቅዘው የሐይቁ ውሃ ነው። ውሃው ከፕሮፔለሩ አጠገብ ባለው ወንፊት ይገባል፤ የጎማ ክንፍ ያለው መዘውር እየገፋው በሞተሩ ውስጥ ዞሮ ይወጣል። ጥቂቱም በጎን ካለች ቀዳዳ በቀጭኑ ሲፈስ ይታያል። ይህች ውሃ የሞተሩ ትንፋሽ ናት በሉ። ከቀጠነች ወይም ከቆመች ሞተሩ ታፍኗል።

የሚያፍነው ምንድን ነው? በእኛ በኩል ዋናው ጠላት እምቦጭ ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ አረም ጣና ላይ መታየቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ዳርቻም ተንሰራፍቷል። ሥሩና ቅጠሉ ወንፊቱን ይደፍነዋል። ሁለተኛው ርብና ጉማራ ይዘውት የሚገቡት ደለል ነው፤ የጎማውን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሞላው ሞተር ደግሞ ዘይት ሲያንሰውም ይግላል።

እንግዲህ ሲግል «ትንሽ ነው የቀረን፣ እንድረስ» ማለት ጥፋት ነው። ቴስታታው ይጣመማል፣ ፒስተኑ ይነክሳል። ሞተሩ የቆመበትን ጀልባ ነፋስ ሲነሣ ማዕበል በጎኑ ይመታዋል። ስለዚህ ሞተሩን አጥፉና በመቅዘፊያ ከአረሙ ውጡ። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥታችሁ ወንፊቱን አጽዱ፤ የጎኑን ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጥረጉ። በጋለ ሞተር ላይ ግን ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ፣ ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀዝቅዞ ሲነሣ ውሃዋ በደንብ ከፈሰሰች በዝግታ ንዱ። ካልፈሰሰች አጥፍታችሁ እየቀዘፋችሁ ወደ ዳር ተመለሱ፤ መዘውሩ ሳይታይ ዳግመኛ አይነዳም።

ተሳፋሪዎችም ድርሻ አላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት «ውሃው ይፈሳል ወይ?» በሉ። ባለ ጀልባውን «ቶሎ በል እንጂ» እያላችሁ አታጣድፉት። መቅዘፊያና የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለም ኧረ ይቅርባችሁ!

የጎማ መዘውር መግዛት ኪስ ይጎዳ ይሆናል፤ ነገር ግን የጎማ መዘውር ይተካል፣ ሰው አይተካም። ድንኳናችን ተጠቅልሎ የሚከርምበትን ዓመት እግዚአብሔር ያምጣልን።