የተአምራት መንፈሳዊ ትርጕምና የአጥቢያችን ድርሻ

(ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር መድረክ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ተአምራት እንድንናገር በተጠየቅን ጊዜ ነገሩ «ለቀባሪው አረዱት» እንዳይሆንብን ሰግተን ነበር። ተአምረ ማርያም በሚነበብበት፣ ቃና ዘገሊላ በየዓመቱ ጥር 12 ቀን በሚከበርበት፣ ምእመኑ ጸበል ፍለጋ በሌሊት በሚገሠግሥበት ቤት ያደግን ነንና ተአምር ስለ መኖሩ እርስ በርሳችን የምንከራከርበት ምክንያት የለም። የዛሬው ጥያቄያችን ተአምር ምን ያስተምረናል የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ በየአጥቢያችን የሰው ሕይወት የሚተርፍበት ወይም የሚጠፋበት መሆኑን ስላየን ጉዳዩን በአደራ መልክ እናቀርብላችኋለን።

ተአምር አመልካች ነው

«ተአምር» የሚለው የግእዝ ቃል ማሳየትንና ማመልከትን ከሚገልጸው «አመረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ቃሉ ራሱ እንደሚነግረን ተአምር ከራሱ አልፎ ሌላውን የሚያሳይ ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስም የጌታችንን ድንቅ ሥራዎች ምልክቶች ይላቸዋል፤ የተጻፉበትንም ምክንያት በወንጌሉ በ20ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ሲገልጽ፣ አምነን በስሙ ሕይወት እንዲኖረን መሆኑን ይነግረናል።

ስለዚህ ምልክቱን አይቶ የተመለከተውን ያላየ ሰው ከመንገድ ቀርቷል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እንጀራ የበላው ሕዝብ በማግሥቱ ባሕር ተሻግሮ ጌታን ሲፈልገው፣ ጌታችን የፈለጉት ምልክቱን ስላስተዋሉ ሳይሆን ስለ ጠገቡ መሆኑን ነግሮ ገሠጻቸው። ዐሥሩ ለምጻሞች በአንድነት ነጹ፤ ለማመስገን የተመለሰው ግን አንድ ሳምራዊ ብቻ ነበር። ከዘጠኙ ሥጋ ለምጹ ለቅቋል፤ ወደ ፈዋሹ መመለስ ግን አልሆነላቸውም። ተአምር ወደ እግዚአብሔር ካላደረሰን የጥቂት ቀን ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ለሰው የተተወ ሥራ

ቅዱሳት መጻሕፍትን በጥንቃቄ ስናነብ በብዙዎቹ ተአምራት ውስጥ ለሰው እጅ የተተወ ሥራ እናገኛለን።

በቃና ሰርግ ስድስት የድንጋይ ጋኖች ነበሩ፤ እያንዳንዳቸውም ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይይዙ ነበር። ጌታችን ጋኖቹን በወይን ጠጅ መሙላት ይቻለው ነበር፤ ነገር ግን አገልጋዮቹ ውኃ እንዲሞሉ አዘዘ። እነርሱም እስከ አፋቸው ሞሉአቸው። የወይን ጠጁ ከወዴት እንደ መጣ አሳዳሪው አላወቀም፤ ውኃውን የቀዱት አገልጋዮች ግን ዐወቁ። ምሥጢሩ የተገለጠው እንስራ ለተሸከሙት ነው።

አምስት ሺህ ሰዎች በጠገቡበት ቀን ፊልጶስ የሁለት መቶ ዲናር እንጀራ እንደማይበቃ አስልቶ ተናገረ። ሒሳቡ ትክክል ነበር። በጀት ይዘን ስንቀመጥ እኛም ብዙ ጊዜ እንደ ፊልጶስ እናሰላለን፤ ማስላቱም ኀጢአት የለውም። ሆኖም እንድርያስ በልጁ እጅ ያለውን አምስት የገብስ እንጀራና ሁለት ዓሣ አመለከተ። ሕዝቡን መቶ መቶና አምሳ አምሳ አድርጎ በረድፍ ማስቀመጥ፣ ማደልም የደቀ መዛሙርቱ ሥራ ሆነ። ከጠገቡም በኋላ አንዳች እንዳይባክን ፍርፋሪው እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ዐሥራ ሁለት መሶብም ሞላ። በተአምር የተገኘ እንጀራ እንኳ እንዳይባክን ከተጠበቀ፣ ከድኻ መቀነት ተፈትቶ ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ገንዘብ ምን ያህል ሊጠበቅ ይገባዋል?

በአልዓዛር መቃብር ፊት ደግሞ ሙት የሚያስነሣው ጌታ ድንጋዩን ሰዎች እንዲያነሡት፣ ከተነሣም በኋላ መግነዙን እንዲፈቱለት አዘዘ። ሕይወት መስጠት የእርሱ ብቻ ነው፤ ድንጋይ ማንሣትና መግነዝ መፍታት ግን የእኛ ሆነ። እርሱ የሰው እርዳታ አስፈልጎት አይደለም፤ ከሥራው ተካፋዮች ሊያደርገን ወድዶ ነው።

ጸበልና መድኃኒት

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንምጣ። ከዓመታት በፊት በአንድ የጸበል ቦታ ያየነውን እንናዘዝላችሁ። የሁለት ልጆች እናት የሆነች አንዲት እኅት በየቀኑ የምትወስደውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መጥታ ነበር። አብረዋት ከተሰለፉት አንዱ፣ መድኃኒት ይዞ ጸበል መምጣት እግዚአብሔርን መጠራጠር ነው አላት። እርሷም ቋጠሮውን ፈትታ ጣለችው። እኛ ቆመን እያየን ዝም አልን፤ ጉዳዩ የእኛ አልመሰለንም። ከወራት በኋላ ቀብሯ ላይ ቆመን ጸሎተ ፍትሐት ሲደረስ ሰማን። ዝምታችን እስከ ዛሬ ይከሰናል።

ያ ሰው ለእምነት የቆመ መስሎት ይሆናል፤ ነገር ግን መጽሐፍ አይደግፈውም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ ነቢዩ ኢሳይያስ የፈውሱን ቃል ከእግዚአብሔር ካመጣለት በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። ሰይጣን ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በፈተነው ጊዜ ጌታ የመለሰለት አምላክን መፈታተን እንደማይገባ ነው። የተሰጠንን መድኃኒት ጥሎ ተአምር መጠበቅስ ከዚህ በምን ይለያል?

በቤተ ክርስቲያናችንም ይህ ትምህርት አዲስ አይደለም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች በመሆናቸው እንደማይቃረኑ በይፋ አስተምረዋል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በሀገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ይሰጣል፤ በየቀኑ ሳይቋረጥ ሲወሰድ የቫይረሱን መባዛት ይገታል። ሲቋረጥ ግን ቫይረሱ ይበረታል፤ መድኃኒቱንም ሊለማመድ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒትም አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ሙሉ ይወሰዳል፤ ሕመምተኛው ስለ ተሻለው ብቻ አይተውም።

ፈውስ ላልታየላቸው

ይህን ስንል ሌላ ቍስል እንዳንነካ እንጠንቀቅ። ጸበል ተጠምቀው፣ መድኃኒትም ወስደው ያልዳኑ ብዙዎች በመካከላችን አሉ። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ማን ኀጢአት ሠርቶ እንደ ሆነ በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልሆኑ መለሰላቸው። ቅዱስ ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የተሰጠው ግን የሚታገሥበት ጸጋ ነበር። ሐዋርያው እምነት ጐደለው የሚል ከመካከላችን ማን ነው? እንግዲያስ የታመመውን ወንድማችንን «እምነት ስለሌለህ ነው» አንበለው። አልጋውን የተሸከሙለት አራቱ ሰዎች ሽባውን በጣሪያ አወረዱት እንጂ በደጅ ትተው አልፈረዱበትም።

ከአጥቢያችን የሚጠበቀው

እንግዲህ ከእያንዳንዱ አጥቢያ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም።

አንደኛ፣ ጸበል ባለበት ደብርና ገዳም ሁሉ ካህኑ ከማጥመቁ በፊት መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ እንዳያቋርጥ በግልጽ ያስታውቅ። ከዐውደ ምሕረት የተነገረ አንድ ቃል በሰልፍ መካከል የሚነገረውን ብዙ ቃል ያሸንፋል።

ሁለተኛ፣ የንስሐ አባቶች የሕመምተኛ ልጆቻቸውን የጾምና የመድኃኒት ሰዓት ይጠይቁ፤ ሐኪሙንም አማክሮ እንዲመጣ በማድረግ አባታዊ ውሳኔ ይስጡ። ብዙዎች መድኃኒቱን የሚተዉት ለመጠየቅ ስለሚያፍሩ ነው።

ሦስተኛ፣ የሰበካ ጉባኤው በአቅራቢያው ካለው ጤና ጣቢያ ጋር ይተዋወቅ፤ ከሩቅ መጥተው ለሱባዔ የሚቀመጡ ሕመምተኞች መድኃኒታቸው ሲያልቅ ወዴት እንደሚሄዱ ያሳይ። ማረፊያ ቤቱም መስኮት ያለውና ነፋስ የሚገባበት ይሁን፤ የሳንባ ነቀርሳ በታፈነ ቤት ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋልና።

አራተኛ፣ ለነዳያንና ለሕሙማን የተሰበሰበው ሁሉ ተመዝግቦ ለምእመናን ይነገር። ፍርፋሪ የሰበሰቡት ሐዋርያት ዐሥራ ሁለት መሶብ መሆኑን ቈጥረው ነግረውናል።

አባቶቻችንና ወንድሞቻችን፤ ውኃውን ወይን ጠጅ የሚያደርገው እኛ አይደለንም፤ ጋኑን እስከ አፉ መሙላት ግን ታዘናል። ያች እኅታችን ቋጠሮዋን ስትፈታ ማንም እጇን አልያዘም። የሚቀጥለው ሰው ሲመጣ እጁን የሚይዝ አንድ ካህን፣ አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል ከአጠገቡ ይገኝ። እኛም የዝምታችንን ዕዳ መክፈል የምንጀምረው በዚህ ነው።

የቅዱሳን አምላክ ለሕሙማን ፈውስን፣ ለእኛም ማስተዋልን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።