በእግር ወይስ በብስክሌት፤ ስለ ቅዱስ ያዕቆብ መንገድ የተነገረ ቃል



ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዮዋን በምታከብርበት ቀን ስለ መንገድ መናገር የተገባ ነው፤ ያለፈው ዘመን ራሱ እንደ መንገድ የሚቆጠር ነውና። ለመንፈሳዊ ጉዞ የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው በምን እንደሚሄድ ነው። ለዚህም በእስጳንያ ምድር ያለው የቅዱስ ያዕቆብ መንገድ ምሳሌ ይሆናል።

ያዕቆብ ወልደ ዘብዴዎስ ሄሮድስ በሰይፍ ያስገደለው፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ሚያዝያ 17 ቀን የምታስበው ሐዋርያ ነው። የምዕራባውያን ትውፊት ዐፅሙ በሳንቲያጎ ከተማ እንዳረፈ ይናገራል። በፈረንሳይ ወሰን ካለችው ከሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር እስከዚያ 780 ኪሎሜትር ያህል ነው። ይህን እግረኛ ከ30 እስከ 35 ቀን፣ ባለ ብስክሌት ግን በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጽመዋል።

የካቴድራሉ ደንብ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ነገር ግን በመጠን ይለያቸዋል። የምስክር ወረቀት ለመቀበል እግረኛው ቢያንስ 100፣ ባለ ብስክሌቱ ቢያንስ 200 ኪሎሜትር ሊጓዝ ይገባል። ሁለቱም በየቤተ ክርስቲያኑና በየማረፊያው ወረቀታቸውን ማኅተም ያስመታሉ።

መንኰራኵር በቡርጎስና በሌዮን መካከል ባለው ሜዳ ብዙ ድካም ያድናል። በተራራ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በፒሬኔ ተራራ የእግር መንገዱ ወደ 1,430 ሜትር ይወጣል፤ ስለዚህ ብዙ ባለ ብስክሌቶች በቫልካርሎስ በኩል ያለውን ጥርጊያ ይመርጣሉ። 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ካለው ከብረት መስቀሉ ወደ ሞሊናሴካ የሚወርደውም ቁልቁለት እጅግ ብርቱ ነው፤ በዚያ የቸኰለ ራሱንም በፊቱ የሚሄደውን እግረኛም ይጐዳል። እግረኛውም ከመከራ አላመለጠም፤ እግሩ ይላጣል፣ ጕልበቱ ይዝላል። ነገር ግን በብዙ የሕዝብ ማረፊያዎች አልጋ አስቀድሞ የሚሰጠው ለእርሱ ነው።

እንግዲህ የዕረፍት ጊዜው ሁለት ሳምንት ብቻ የሆነ ሠራተኛ ምን ያድርግ? በብስክሌት ከመሄድ በቀር ምርጫ የለውም የሚል ሰው አለ። ይህ እውነት አይደለም፤ ከሳሪያ ከተማ እስከ ሳንቲያጎ 115 ኪሎሜትር ያህል ስለሆነ በአንድ ሳምንት በእግር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው መንገዱን ሁሉ ፈጥኖ በማየትና ጥቂቱን በዝግታ በመኖር መካከል ነው። የመንገዱን ርዝመት በሙሉ ሊያውቅ የወደደ ብስክሌት ይያዝ፤ ጸጥታንና የባልንጀራን ወሬ የፈለገ ግን በእግሩ ይሂድ፤ በእግር የሚሄድ ሰው ከደካማው ጋር እርምጃውን ለማስተካከል ይቀለዋልና።

ይህን ኢትዮጵያዊ ምእመን አይስተውም። ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ ብዙ ቀን በእግሩ የሚጓዝ ሰው ስንቁን ከመንገድ ጓደኛው ጋር ይካፈላል፤ የደከመውንም ይጠብቃል።

ስለዚህ ፈጥኖ የደረሰ በዘገየው ላይ አይታበይ፤ በእግሩ የደከመም በመንኰራኵር የመጣውን አይናቅ። ጉልበቱ የከዳው ሽማግሌ፣ ጊዜ ያጠረው ሠራተኛ፣ ብርቱውም ወጣት በአንድ ደጅ ይሰበሰባሉና። እግዚአብሔር የሁሉንም መንገድ ያቅና፤ አሜን።