ትኩሳቱ ሲመላለስ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። 

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው በብዙዎቻችን ቤት የሚታወቅ ጉዳይ ነው። ከቤተሰቡ አንዱን ያተኩሰዋል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል። ካልተሻለው ክሊኒክ ሄዶ ደም ይሰጥና «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ለሳምንት ሻል ይለዋል። ከዚያ ትኩሳቱ ይመለሳል። ሌላ ክሊኒክ፣ ሌላ መርፌ፣ ያው ስም። ወራት ሲቆጠሩ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ «ዐይን ነው፣ ሩቅያ ይደረግለት» ሲል ሌላው «ሆስፒታል እንውሰደው» ይላል። በሽተኛው ደግሞ በመሐል እየከሳ ነው።

በሁለቱ መካከል ጠብ የለም። ቁርኣኑም ይቀራለት፣ ደሙም ይመርመርለት። ትኩሳትን መስደብ እንደማይገባና የሙእሚንን ኃጢአት እንደሚያረግፍ የሚያስተምረውን ሐዲስ ሰምተው ሕመሙን ችለው የሚቀመጡም አሉ። ሶብር ማድረግ መልካም ነው፤ ሆኖም ታከሙ ብለው ያዘዙትም እኚሁ ነብይ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው። ኢማም ሙስሊም ከጃቢር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ እንዳስተማሩት፣ ለበሽታ ሁሉ መድኃኒት አለው፤ መድኃኒቱ ከበሽታው ጋር ሲገጥም በአላህ ፈቃድ ይድናል። እንግዲህ መግጠም አለበት ማለት ነው። የበሽታው ማንነት ሳይታወቅ መድኃኒት መቀያየር ይህንን መግጠም አያመጣም።

በአገራችን ለተደጋጋሚ ትኩሳት ቶሎ የሚሰጠው ያ የ«ታይፎይድና ታይፈስ» ስም ብዙ ጊዜ ከአንድ ፈጣን የደም ምርመራ የሚገኝ ነው። ይህ ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ጀርሙን ለመከላከል ያዘጋጀውን ነገር ነው። ያ ደግሞ ከድሮ ሕመም ተርፎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ፖዘቲቭ» የሚለው ወረቀት ብቻውን የዛሬው ትኩሳት ምክንያት ይህ ነው ለማለት አይበቃም። የበለጠ የሚታመነው ደምን ወስዶ ጀርሙን የማሳደግ ምርመራ ሲሆን፣ እሱም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ቢሰጥ ይመረጣል። ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ገዝቶ መዋጥ የሚጎዳው በዚህም ጭምር ነው።

ወባ አንዱ ዓይነቱ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል፤ የተኛውን የሚያጠፋ የተለየ መድኃኒት ስላለው፣ ቆላ ደርሶ የመጣ ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር አለበት። በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ደግሞ ጥቂት ቀን አጣድፎ ይተውና ሳምንት ያህል ቆይቶ ይመለሳል፤ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት በተወሰደ ደም ነው። ማታ ማታ የሚያተኩስ፣ ሌሊት በላብ የሚያጠምቅና የሚያከሳ ከሆነ ሳል ባይኖርም እንኳ ቲቢ ይታሰባል። የኤች አይ ቪ ምርመራም አይዘለልም። ያልተፈላ የግመል፣ የፍየል ወይም የላም ወተት በሚጠጣበት ቤት ብሩሴሎሲስ የሚባለው አለ፤ መገጣጠሚያን እየቆረጠመ፣ ትኩሳቱ እየወጣ እየወረደ ወራት ይቆያል። ወተት ማፍላት በረካውን አይቀንስም።

ለሰሊጥ ሥራ ሑመራና መተማ ወርዶ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈውና ግራ ጎኑ ላይ ጣፊያው ካበጠ ካላዛር ይመርመር። በሊቦ ከምከም ይህ በሽታ መሆኑ የታወቀው በ2005 (እ.ኤ.አ) ነው፤ ከዚያ በፊት እንደ ወባ ይታይ ነበር። ካልታከመ ይገድላል።

የሙስሊሞች ታላቅ ሐኪም አቡበክር አር-ራዚ ከሞቱ በኋላ ተማሪዎቻቸው ባሰባሰቡት አል-ሓዊ በተባለው መጽሐፋቸው ውስጥ እንዲህ ያለ በሽተኛ አለ። ትኩሳቱ አንዴ በየቀኑ፣ አንዴ በሦስተኛው፣ አንዴም በስድስተኛው ቀን ይመጣበታል፤ ሽንቱም ይመላለስበታል። ራዚ ወይ የአራተኛ ቀን ንዳድ ወይ የኩላሊት ቁስል ነው ብለው ጠረጠሩ። ብዙም ሳይቆይ መግል ከሽንቱ ጋር ወጣ። በኋላ እንደጻፉት፣ በሽተኛው ሲነሳ ወገቡ ላይ ክብደት የተንጠለጠለ ይመስለው ነበር፤ እሱ አልነገራቸውም፣ እሳቸውም አልጠየቁትም። ከሺህ ዓመት በላይ ያለፈው ጉዳይ ነው፤ ዛሬም በየክሊኒኩ የሚሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ደብተር ይዘጋጅ እንላለን። ትኩሳቱ የመጣበት ቀንና ሰዓት፣ በቴርሞሜትር ስንት እንደሆነ፣ ብርድ ብርድ ማለቱ፣ ላቡ፣ የተወሰደው መድኃኒት በስሙ፣ የታየበት አገር፣ የተጠጣው ወተት ይጻፍበት። የቀድሞ የምርመራ ወረቀት አይጣል። እናቶች ይህን ከማንም በተሻለ ያውቁታል፤ ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ግን አባት ብቻ ይናገራል፣ የሚያስታምሙት ዝም ይላሉ። ይናገሩ። ሐኪሙም «እስካሁን አላወቅነውም» ካለ ከእውነት የራቀ ስም ከመስጠት ይሻላል፤ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል እንዲልከው ይጠየቅ። በረመዳን ትኩሳቱን ደብቆ የሚጾምም አለ፤ አላህ ለበሽተኛ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ፈቅዶለታል።

አንገት ከደረቀ፣ በሽተኛው ከዘባረቀ ወይም ከተንቀጠቀጠ፣ ሕፃን ጡት እምቢ ካለ ግን ደብተርም ቀጠሮም ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። አላህ በሽተኞቻችንን ያሽርልን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።