የመስኮቱ ዋጋ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ በረዶ ነው። ከደጃችን በአካፋ ስለምንጠርገው ሳይሆን ሰው ገንዘብ ከፍሎ ስለሚንሸራተትበት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምጠራ ልብ በሉልኝ።

አራት የበረዶ ወቅት ከዴንቨር አየር ማረፊያ ወደ ተራራዎቹ ሰው አመላልሻለሁ። ከእናንተም ይህን ሥራ የሚያውቀው ብዙ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ ቫኑን ታሞቃላችሁ። ከቴክሳስ ወይም ከቺካጎ የመጣውን ቤተሰብ ሻንጣና ረጃጅሙን የስኪ ቦርሳ ትጭናላችሁ። ከዚያ በአይ 70 አውራ ጎዳና ሽቅብ ነው። የአይዘንሃወርን ዋሻ ስትሻገሩ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች እልል ይላሉ፤ እናንተ ደግሞ መሪውን ጠበቅ ታደርጋላችሁ፣ ቁልቁለቱ በረዶ ነዋ። እነሱን አውርጄ፣ ጉርሻዬን ተቀብዬ እመለሳለሁ። በአራት ወቅት አንድም ቀን ስኪ እግሬ ላይ አላደረግሁም።

ልጄ ያኔ አራተኛ ክፍል ነበረች። «አባዬ፣ አንተ ሁልጊዜ እዚያ ትሄዳለህ፤ እኔን ለምን አትወስደኝም?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አንድ ቅዳሜ ሥራ አስፈቅጄ ይዣት ወጣሁ። የቲኬት መስኮቱ ጋ ደርሰን የሁለታችንን የአንድ ቀን ቲኬት፣ የጫማና የስኪ ኪራይ፣ የጀማሪ ትምህርት ስናስደምር ከ700 ዶላር በላይ መጣ። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ወጣት ራሷ ተሸማቅቃ፣ «ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ቢሆን ኖሮ ይቀንስላችሁ ነበር» አለችን። ቀደም ብሎ መግዛት እንዳለ ለማን ነግረው፣ እኔስ ከማን ሰምቼ? ስንመለስ መንገድ ዳር ካለ ነዳጅ ማደያ የፕላስቲክ መንሸራተቻ ገዛሁላት፤ አንዲት ጉብታ ላይ እየወጣች ስትንሸራተት ዋለች። ደስ ብሏታል። እኔ ግን ያቺ የመስኮት ዋጋ ከአእምሮዬ አልወጣ አለችኝ።

ነገሩ ድሮ እንዲህ አልነበረም። እዚሁ ኮሎራዶ ያለውን ትልቅ የስኪ ቦታ፣ ቬይልን፣ ያቋቋሙት ፒት ሳይበርትና ኧርል ኢተን ናቸው። ሳይበርት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተራራ ውጊያ የሠለጠነው የ10ኛው ክፍለ ጦር ወታደር ነበር። እዚሁ ኮሎራዶ ካምፕ ሄል ሠልጥኖ ጣልያን ዘመተ፣ ክፉኛም ቆስሎ ተመለሰ። ኢተን ያን አካባቢ እንደ መዳፉ የሚያውቅ የአገሬው ሰው ነበር። በ1957 አብረው ተራራውን ወጡት። የመሬት ዋጋ እንዳይንርባቸውም የአደንና የዓሣ ማጥመድ ክበብ ነን ብለው መሬቱን ገዙ። በዲሴምበር 1962 በአንድ ጎንዶላና በሁለት የወንበር ሊፍት በሩን ሲከፍቱ የቀን ቲኬቱ 5 ዶላር ነበር። የዛሬው ዶላር ሆኖ ቢሰላ ወደ 50 ግድም ይሆናል። አሁን በበዓላቱ ሰሞን የመስኮቱ ዋጋ ከ300 ዶላር አልፏል።

ምን ተፈጠረ ብትሉኝ፣ እኔ እንደገባኝ እንዲህ ነው። በረዶ እንደ ዝናብ ነው። ዝናብ ያጠረበት ዓመት የገበሬውን ጎተራ እንደሚያራቁተው፣ በረዶ ያልጣለበት ዓመት የስኪ ባለቤቱን ያራቁተዋል። ቬይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ በ1997 ወደ አክሲዮን ገበያ ገባ። ባለአክሲዮን ደግሞ «ዘንድሮ ሰማዩ ከዳን» የሚባል ምክንያት አይሰማም። እናም በ2008 ኤፒክ ፓስ የሚባለውን ይዘው መጡ። 579 ዶላር ክፈልና ወቅቱን ሙሉ በፈለግህበት ቀን ተንሸራተት ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አለው፤ ፓሱ የሚሸጠው በረዶው ከመጣሉ በፊት ነው። ከጸደይ ጀምሮ ዋጋው ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ይሄድና ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ሽያጩ ይዘጋል። በረዶ ቢጥልም ባይጥልም ገንዘቡ ገብቷል። የሰማዩን ሥጋት የተሸከመው ገዢው ሆነ።

ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በላይ እንዲህ ያለ ፓስ ይሸጣሉ። እና አንድ ሒሳብ ላሳያችሁ። ለ2025-26 ወቅት ፓሱ ሽያጭ ላይ ሲወጣ 1,051 ዶላር ነበር። በወቅቱ 20 ቀን የሚወጣ ሰው ለቀኑ 52 ዶላር ያህል ደረሰው ማለት ነው። ያ እኮ የ1962ቱ 5 ዶላር ነው! ለለመደው ሰው ዋጋው ምንም አልጨመረም። የጨመረው ለማያውቀው ሰው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ልየው ብሎ ልጁን ይዞ ለሚመጣው። የመስኮቱ ዋጋ ሰው እንዲከፍለው የተቆረጠ አይመስለኝም፤ ሰው እንዲሸሸውና ወደ ፓሱ እንዲሮጥ ነው። አንድ ሺህ ዶላር በመስከረም ቆጥሮ ማስቀመጥ የሚችል ይሮጣል። የወር ኪራዩን አሯሩጦ የሚሞላው ሰው ግን የት ይሮጣል?

ርካሽ ፓስ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ከኤፒክ በፊት ሐሳቡን ያሳየው አይዳሆ ውስጥ ከቦይሲ ከተማ በላይ ያለው ቦጉስ ቤዝን ነው፤ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው የሚያስተዳድረው። በ1998 ወደ 500 ዶላር ይጠጋ የነበረውን የወቅት ፓስ 199 ዶላር አደረጉት። የከተማው ሰው ጎረፈ፤ ከዚያ በፊት ተራራውን በሩቁ ብቻ ያየው ሁሉ ወጣ። መሣሪያው ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ ግን ከትርፉ ድርሻውን የሚጠብቅ ባለአክሲዮን የለም።

ቬይል ሪዞርትስ ግን እዚሁ ኮሎራዶ ባሉት በብሬከንሪጅና በኪስቶን ጀምሮ፣ በ2014 ዩታ ውስጥ ፓርክ ሲቲን፣ በ2016 ካናዳ ውስጥ ዊስለርን፣ በ2017 ቬርሞንት ውስጥ ስቶውን ጠቀለለ። አሁን አውስትራሊያና ስዊዘርላንድ ድረስ 42 ቦታዎች አሉት። ተቀናቃኙ አልቴራ ደግሞ መቀመጫው እዚሁ ዴንቨር ነው፤ አይከን የሚባለውን ፓስ ይሸጣል። ፉክክር አለ ይሉናል። ሁለት ነጋዴ ብቻ የቀረበትን ገበያ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ገንዘቡ ወደ ሠራተኛው ወርዶ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነበር። በ2024 ገና ሰሞን የፓርክ ሲቲ የስኪ ፓትሮል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። እነዚህ በረዶ ተንዶ ሰው እንዳይቀብር ጎህ ሳይቀድ በፈንጂ የሚያፈርሱ፣ የተሰበረውን ተሸክመው የሚያወርዱ ናቸው። የጠየቁት መነሻ ደመወዙ በሰዓት ከ21 ወደ 23 ዶላር ከፍ እንዲል ነበር። ለሁለት ዶላር! ወደ ሁለት ሳምንት ግድም በአድማ ቆዩ። በዚያ ሁሉ በዓል ተራራው በከፊል ተዘግቶ፣ ያን ያህል የከፈለው እንግዳ ሊፍት ሥር ለሰዓታት ተሰልፎ ዋለ። በኋላ ተስማሙ።

ከሁሉ የሚቆረቁረኝ ግን መሬቱ ነው። የቬይል መንሸራተቻ አብዛኛው ያለው በኋይት ሪቨር ብሔራዊ ደን ውስጥ ነው። ባለቤቱ የፌዴራል መንግሥት ነው። ኩባንያው ፈቃድ ወስዶ፣ ከገቢው ጥቂት በመቶ ይከፍልበታል። ዊንተር ፓርክ የሚባለውን ሌላ የስኪ ቦታ ደግሞ በ1940 የከፈተው የዴንቨር ከተማ ነው፤ የፓርኮች ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ክራንመር የከተማው ሕዝብ በባቡር ሄዶ የሚጫወትበት ቦታ ይሁን ብሎ። ዛሬም ንብረቱ የከተማው ነው፤ የሚያስተዳድረው ግን አልቴራ። የምኖረው ዴንቨር ነው፤ ቀረጥ እከፍላለሁ። የፌዴራሉ የደን አገልግሎትም ከተማውም ፈቃዱንና ውሉን ሲያድሱ፣ በየወቅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው ሊከፈል የሚችል ዋጋ እንዲኖር ማስገደድ ይገባቸዋል እላለሁ። ስብሰባ ሲጠሩ እሄዳለሁ፤ እናንተም ኑ።

እስከዚያው የሚረዳችሁን ልንገራችሁ። ከኪንደርጋርተን እስከ አምስተኛ ክፍል ላሉ የኮሎራዶ ልጆች ቬይል ሪዞርትስ ነፃ የስኪ ቀናት ይሰጣል፤ ቀደም ብሎ መመዝገብ ይጠይቃል። ሌሎቹ ቦታዎችም ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ቅናሽ አላቸው። ይህን ጥሩ ሥራ ነው እላለሁ፣ ልጄም ተጠቅማበታለች። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ጊዜ ወደቀች፤ አራተኛው ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ እስከ ታች ወረደች። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር። ለትልቅ ሰው ነፃ ቀን የለማ። ከታች ሆና፣ «አባዬ፣ አንተስ መቼ ነው የምትወጣው?» ብላ ጮኸች።

ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። የመስከረሙ ዋጋ ከመጨመሩ በፊት እንድንገዛ ጠይቃኛለች፤ የሁለታችንን አስቤ ገና አልመለስኩላትም።