ለነገ የተቀመጠ በረዶ

(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተሰጠ ንግግር)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሕፃናት አያያዝ ነው። ስለ ምግቡና ስለ ክትባቱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ እዚህ ተቀምጠዋልና፣ እኔ ለልጄ ስላነበብሁላት አንድ የሥዕል መጽሐፍ ልንገራችሁ።

መጽሐፉን እዝራ ጃክ ኪትስ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1962 እ.ኤ.አ. አወጣው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ጥቁር ልጅ ዋና ሆኖ የሚታይባቸው የሥዕል መጻሕፍት ጥቂት ነበሩ። በ2020 እ.ኤ.አ. የኒው ዮርክ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት መዝገቡን ሲቆጥር፣ በታሪኩ ከሁሉ ይበልጥ አንባቢዎች የተዋሱት መጽሐፍ ይኸው ሆኖ ተገኘ።

ታሪኩ አጭር ነው። ፒተር የሚባል ትንሽ ልጅ ጠዋት ሲነሣ ከተማው በረዶ ለብሷል። ቀይ የብርድ ልብሱን ለብሶ ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ይጫወታል። ሲመለስ በረዶ አድበልብሎ ለነገ ብሎ ኪሱ ይከተዋል። ከመተኛቱ በፊት ኪሱን ቢፈትሽ ባዶ ነው።

ልጄ አራት ዓመቷ ነው። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስሁ ሳነብላት፣ «አባዬ፣ ይኼ በረዶ ለምን አይጮኽም?» አለችኝ። እርሷ የምታውቀው በክረምት ቆርቆሯችንን የሚደበድበውን ነዋ! እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርድም አለ አልኋት።

ባዶው ኪስ ላይ ስንደርስ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አሳርፋ «ማን ወሰደበት?» አለች። እኔም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ልማድ ይዞኝ፣ የዚህ ዓለም ደስታ ኃላፊ ስለ መሆኑ መጽሐፈ መክብብን ለአራት ዓመት ሕፃን ልሰብክ ጀመርሁ። ፊቷን አዞረችብኝ። ባለቤቴ ከማድ ቤት ሆና «እስቲ ዝም በል፤ ትይበት» አለችኝ። ዝም አልሁ።

ብዙ ቆይታ፣ «አንተም ነገ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

እውነት ነው፤ በማግሥቱ ወደ መስክ ወጪ ነበርሁ። ሻንጣዬን አይታ ኖሯል። እንዳታለቅስ እያልሁ ሁልጊዜ ሳትነቃ ነበር የምወጣው፤ ይህንንም እንደ ርኅራኄ እቈጥረው ነበር። ለካ በየጊዜው ባዶ ኪስ ስትፈትሽ ኖራለች።

«አዎን፣ እሄዳለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ» አልኋት። ከዚያ ቀጣዩን ገጽ ገለጥን። ጠዋት ፒተር ሲነሣ አዲስ በረዶ እየወረደ ነው። ያን ገጽ ቶሎ ልደርስበት ቸኵዬ እንደ ነበር አልደብቃችሁም።

በነጋታው ቀስቅሼ ተሰናበትኋት። እስከ በር ድረስ አለቀሰች። ሾፌራችን ሦስት ጊዜ ጥሩምባ ነፋብኝ።

ባልደረቦቼ፣ በፕሮጀክታችን ያሉትን ልጆች ደግሞ አስቡ። እንግዶች ይመጣሉ፤ ከረሜላ ያድላሉ፣ ኳስ ይጫወታሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከዚያ ልጆቹ ምሳ ሲበሉ እኛው ራሳችን በጓሮ በር እናስወጣቸዋለን፤ ልቅሶ እንዳይነሣ። በሚመጣው ጊዜ መኪናው ከመነሣቱ ሩብ ሰዓት ቀደም ብለን ልጆቹን እንሰብስብና እንግዶቹ አንድ በአንድ ጨብጠዋቸው ይሂዱ። የሚመለሱ ካልሆነም «እንመለሳለን» አይበሉ።